አንድ፣ ሁለት፣ ባዶ! የሬስሊንግ ጌሞቻችን

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች እኛን የቀድሞ ተማሪዎችን «ስለ ልጅነታችሁ ጨዋታ አንድ ነገር ጻፉልን» ሲሉን መጀመሪያ የመጣልን ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞና የጨርቅ ኳስ ነበር። ስለ እነዚህ ግን በየዓመቱ ይጻፋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ እኛ በናይሮቢ፣ በኢስሊ ሰፈር ያደግን ልጆች ከብይ ይልቅ ብዙ ሰዓት ያሳለፍነው ፕሌይስቴሽን ፊት ነው። ከፕሌይስቴሽኑም ከኳስ ጌም ቀጥሎ ሬስሊንግ ላይ። ስለዚህ ጽሑፋችንን ስለ ሬስሊንግ ጌሞች አደረግነው። ከመካከላችን ሁለቱ ዛሬ ልጆቻቸውን እዚሁ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ስለሆኑ የወላጆችንም ጥያቄ ዘንግተን አልጻፍንም። ዓመታቱን ሁሉ ያስቀመጥነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ለማያውቁት እናስረዳ። ሬስሊንግ ስንል በኦሊምፒክ የሚታየውን ትግል ማለታችን አይደለም። በሱዳን የኑባ ሰዎች፣ በደቡብ ሱዳን ደግሞ ሙንዳሪዎች የሚታገሉትን፣ ባላጋራውን መሬት ላይ የጣለ የሚያሸንፍበትን የምር ትግልም ማለታችን አይደለም። ሬስሊንግ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነበት ትርኢት ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በ1989 ኩባንያው ራሱ በአሜሪካ የኒው ጀርዚ ግዛት ምክር ቤት ፊት «የእኛ ሥራ መዝናኛ ነው» የሚል ቃል ሰጥቷል። ይህን ያለውም የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥር እንዲነሳለት ፈልጎ ነው። ታጋዮቹ የሚወድቁት ግን የምር ነው። የተወሰነው ውጤቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም።

ይህን ያነሳነው ለወላጆች ብቻ ብለን አይደለም። ጌም ሠሪዎችን ለዓመታት ያስቸገራቸው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የቦክስ ጌም መሥራት ቀላል ነው፤ ሁለት ሰዎች ይመታታሉ፣ ከላይ ያለው የጉልበት መስመር እያጠረ ይሄዳል፣ ቀድሞ ያለቀበት ይወድቃል። ሬስሊንግን እንደዚያ ብትሠሩት ግን ሬስሊንግነቱ ይጠፋል። በቴሌቪዥን ስናየው ደስ የሚለን ሰውየው ተደብድቦ፣ ተደብድቦ፣ አለቀለት ሲባል ተመልካቹ ሲጮህለት የሚነሳው ነገር ነው። በጉልበት መስመር ጌም ውስጥ የተደበደበ ሰው አይነሳም። ታዲያ ውጤቱ ያልተወሰነ ውድድር ሆኖ፣ ውጤቱ የተወሰነ ትርኢት እንዲመስል እንዴት ይደረጋል? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ጌሞች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከጥንቱ እንነሳ ካልን ማሳቶ ማሱዳ የሚባለውን ጃፓናዊ ማንሳት ግድ ነው። በ1986 ኒንቴንዶ ያወጣው «ፕሮ ሬስሊንግ» የእሱ ሥራ ነው። እኛ ያየነው ብዙ ዘግይቶ፣ በእነዚያ «9999 ጌም አለው» እየተባሉ ይሸጡ በነበሩ ርካሽ ማሽኖች ነው። ያሸነፈ ሰው ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የደስታ መግለጫ ይወጣለታል፤ እንግሊዝኛው ግን የተሰባበረ ነው። በአማርኛ «አሸናፊው ነህ እርስዎ» እንደ ማለት። ማሱዳ ከዚያ በ1989 «ፋየር ፕሮ ሬስሊንግ» የተባለውን ጀመረ። የእሱ መልስ ጊዜን መጠበቅ ነው። ሁለቱ ታጋዮች ሲያያዙ ቁልፉን የሚደበድብ ሳይሆን በትክክለኛዋ ቅጽበት የሚነካ ያሸንፋል። በዚያ ዘመን በሌሎቹ ጌሞች ያሸንፍ የነበረው ጣቱ የፈጠነ፣ ጆይስቲክ የሚሰብር ልጅ ነበር። ማሱዳ በ2014 ዐረፈ። የጀመረው ጌም ግን ከሞቱም በኋላ፣ በ2017፣ በአዲስ መልክ ወጥቷል።

አሁን ወደምንወደው እንምጣ። ከመካከላችን አንዱ፣ አሜሪካ ያለች አክስቱ ልጇን ይዛ ለእረፍት ስትመጣ፣ የአክስቱ ልጅ ኒንቴንዶ 64 ሻንጣው ውስጥ ከቶ አምጥቶ ነበር። አብሮት የመጣው ካርትሪጅ አንድ ብቻ ነው፤ «ኖ መርሲ»። አኪ የሚባል የጃፓን ድርጅት የሠራው፣ ቲ.ኤች.ኪው. በ2000 ያሳተመው ነው። አክስት ለስድስት ሳምንት መጥታ ስትመለስ ማሽኑ እዚሁ ቀረ። እንዴት እንደቀረ ዛሬም በቤተሰቡ ዘንድ ክርክር አለበት።

የ«ኖ መርሲ»ን ብልሃት ዘርዘር አድርገን እንግለጸው፤ ዛሬም ድረስ ጌም ሠሪዎች የሚመለሱበት ስለሆነ። ባላጋራህን ለመያዝ አንድ ቁልፍ አለ። ነካ ካደረግከው ቀለል ያለ አያያዝ ነው፣ ተጭነህ ከቆየህ ጠንካራ አያያዝ ነው። ጠንካራው የሚጥል ነገር ያመጣልሃል፤ ነገር ግን ለመያዝ ጊዜ ይወስዳልና በዚያች መሐል ባላጋራህ ሊቀድምህ ይችላል። ከያዝክ በኋላ አቅጣጫውን መርጠህ ሌላ ቁልፍ ስትነካ ውርወራው ይመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ መመለስ አለ። ምትን ለመመለስ አንድ ቁልፍ፣ አያያዝን ለመመለስ ሌላ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መገመት አለብህ፤ ይመታኛል ወይስ ይይዘኛል? ከዚህ ያለፈ የሚሸመደድ ነገር የለም። የሰባት ዓመት ልጅ በአሥር ደቂቃ ይለምደዋል፣ የሃያ ዓመቱ ወንድሙም አይሰለቸውም።

ትልቁ ነገር ግን የጉልበት መስመር አለመኖሩ ነው። በእሱ ፈንታ የመንፈስ መለኪያ አለ። መትተህ ሲሳካልህ፣ ወይም ደረትህን ነፍተህ ተመልካቹን ስታስጮህ ይወጣል፤ ስትደበደብ ይወርዳል። ጫፍ ሲደርስ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያን ጊዜ የታጋዩን መጨረሻ ምት፣ እኛ «ፊኒሸር» የምንለውን፣ ማውጣት ትችላለህ። መለኪያው ስለሚወጣና ስለሚወርድ የተደበደበ ሰው አላለቀለትም። አንዲት የተመለሰች ምት ነገሩን ትገለብጠዋለች። የቴሌቪዥኑ ሬስሊንግ ስሜት የመጣው ከዚህ ነው። ሌላም አለ፤ በታሪኩ ክፍል ስትሸነፍ ጌሙ «እንደገና ሞክር» ብሎ አይመልስህም። ሽንፈትህን ይዞ ታሪኩ በሌላ መንገድ ይቀጥላል። አንዳንዶቻችን አዲስ ታሪክ ለማየት ብለን ሆን ብለን እንሸነፍ ነበር። መጀመሪያ የወጡት ካርትሪጆች ግን የተመዘገበውን ሁሉ የሚያጠፋ ችግር ስለነበረባቸው አሳታሚው በአዲስ እስከ መለወጥ ደርሷል። የእኛው ከየትኛው ወገን እንደነበረ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አወቅን።

በማሽኑ ላይ አራት የጆይስቲክ ማስገቢያ ስለነበረ አራት ሰው አንድ ላይ ይጫወታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኛ ግን ትንሽ አልነበረም። ሁለት ሰው ሲጫወት ስድስቱ ይመለከታል፤ አራት ሰው ሲጫወት አራቱ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ኒንቴንዶ 64 በሰፈራችን አንድ ብቻ ነበር። ፕሌይስቴሽን ግን በየጌም ቤቱ ነበር። በፕሌይስቴሽን ሬስሊንግን የሠራው ሌላው የጃፓን ድርጅት ዩክስ ነው። የመጀመሪያው «ስማክዳውን» በ2000 መጀመሪያ ወጣ፣ ሁለተኛው በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ተከተለ። ከአኪ ሥራ ጋር ሲተያይ ፈጣን ነው፤ ሩጫ፣ መዝለል፣ ከመድረኩ ወጥቶ መኪና ማቆሚያና ወጥ ቤት ድረስ መደባደብ። ጥበቡ ያንሳል፣ ደስታው ግን አያንስም። የሁለተኛው ጉድለት መጠበቁ ነበር፤ በየግጥሚያው መካከል ዲስኩ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ሻይ ተልኮ ይመጣል።

ጌም ቤቱ የአንድ የሀገራችን ሰው ነበር። ስማቸውን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ «ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የማይዘጋ በር። ለአንድ ግጥሚያ አሥር ሽልንግ፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ክፍያው በግጥሚያ ስለነበረ ሬስሊንግ ከኳስ ይልቅ ያዋጣ ነበር። ኳሱ ጊዜው ካለቀ አለቀ። ሬስሊንግ ግን ሁለቱም ካልተሸነፉ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች በአንድ ግጥሚያ አርባ ደቂቃ ተጋድለው ጋሼ ሶኬቱን ነቅለውባቸዋል። ከዚያ ወዲያ በግድግዳው ላይ «ሬስሊንግ 15 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

በዚያ ቤት የሚገቡት የእኛ ልጆች ብቻ አልነበሩም። የሶማሌ ልጆች፣ የኬንያ ልጆች፣ አንዳንዴ ከኮንጎ የመጡም ነበሩ። ዳኛው መሬቱን እየመታ ሲቆጥር ቤቱ ሁሉ አብሮ ይቆጥራል፤ ከአንዱ ወንበር «አንድ፣ ሁለት»፣ ከወዲያ «ኮው፣ ላባ»፣ ከበሩ በኩል «ሞጃ፣ ምቢሊ»። ሦስት ሳይባል የወደቀው ትከሻውን ካነሳ ደግሞ የኬንያ ልጆች «ባዶ!» ብለው ይጮኻሉ። በስዋሂሊ «ገና ነው» ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በመጣ በሦስተኛው ቀን ጌም ቤት የገባ አንድ ልጅ ግን ይህን አያውቅም። በተነሳ ቁጥር ቤቱ ሁሉ «ባዶ! ባዶ!» ሲለው ዜሮ ነህ እያሉ የሰደቡት መሰለው። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣ። ቃሉን ያስረዳችው ከእሱ ቀድማ በዚያው ግራ መጋባት ያለፈች የእኛው ልጅ ነበረች። ያ ልጅ በዚያች ሳምንት ከተማራቸው የስዋሂሊ ቃላት ሁለተኛው «ዛሙ ያንጉ» ነው፤ «ተራው የእኔ ነው» ማለት። በጌም ቤት ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ ቃል የለም።

ከሁሉም የወደድነው በጥቅምት 2003 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ሂር ካምስ ዘ ፔይን» ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ዓመት ቆይቶ፣ ስሙ በእስክሪብቶ በተጻፈበት የተቀዳ ዲስክ ነበር። ዋናውን ዲስክ ከነሽፋኑ ያየነው አዋቂ ከሆንን በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ኩባንያው ስሙን ከደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ወደ ደብልዩ ደብልዩ ኢ ቀይሯል። የስሙን ፊደላት በፍርድ ቤት የተከራከረው የዱር እንስሳት ጥበቃው ድርጅት፣ ባለ ፓንዳው ነበር። ከፓንዳ ጋር ተጋጥመው የተሸነፉት በዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እያልን እንቀልድ ነበር።

በዚህ ጌም ዩክስ ፍጥነቱን ሳይተው ከአኪ ጥበብ የተማረ ይመስላል። አያያዙ አራት ዓይነት ሆነ። በስክሪኑ ላይ ትንሽ የሰው ምስል አለች፤ ራስ፣ ደረት፣ ክንድና እግር ሲጎዳ ቀለማቸው ይለወጣል። ስለዚህ ግጥሚያ እቅድ ይፈልግ ጀመር። እግር ቆልፎ እጅ የሚያሰጥ ታጋይ የያዘ ልጅ ከመጀመሪያው እግር እግሩን ነው የሚለው። ክብደትም ዋጋ አገኘ። ሬይ ሚስቴሪዮን የያዘ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ የሚባለውን ቢግ ሾው ላንሳ ቢል አይችልም፤ ወገቡን ይዞ ይቀራል። ትንንሾቹ ልጆች ሁልጊዜ ሬይን የሚመርጡበት ምክንያት ቁመቱ ይመስለናል። ትንሽ ሰው ትልቅ ሰው ላይ ዘሎ ሲወጣ ማየት ለስምንት ዓመት ልጅ ትርጉም አለው። ጆን ሲና በዚህ ተከታታይ ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባውም እዚህ ነው። ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

በዚያ ጌም ውስጥ የስፖርት ተንታኝ ድምፅ የለም፤ ከቀድሞው ላይ አንስተውታል። ይህ ጉድለት ተብሎ ይተቻል። ለእኛ ግን ሲሳይ ሆነልን፤ ቦታው ባዶ ስለነበረ (በአማርኛው ባዶ ማለታችን ነው) ራሳችን ሞላነው። አንዱ ልጅ በዲሽ ከሚያያቸው የዐረብ ጣቢያዎች የሰማውን የዐረብኛ ጩኸት ያወርደዋል፤ ቋንቋውን አይችልም፣ ዜማውን ብቻ። ሌላዋ ደግሞ እንደ ሬድዮ የኳስ ጋዜጠኛ በአማርኛ ታስተላልፋለች። «አንደርቴከር ገመዱን ተደግፎ ቆሟል፣ ወገቡን ያመመው ይመስላል፣ እናቱ እዚህ ብትኖር ምን ትል ነበር?» ሽንፈት እንኳ በእሷ አንደበት ሲነገር ያስቃል። በዚህ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን መድረክ ላይ ለዓመታት ፕሮግራም የመራችው እሷ ናት፤ ልምዷ ከየት እንደመጣ መምህራን አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንግባ። እነዚህ ጌሞች የራስህን ታጋይ የምትፈጥርበት ክፍል አላቸው። ፊቱን፣ ቁመቱን፣ ልብሱን፣ አረማመዱን፣ ምቶቹን ሁሉ ትመርጣለህ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሠራ። የእኛ ፊደል ስለሌለ ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም «አባ ታጠቅ» የተባሉ ሦስት ታጋዮች ነበሩን፤ ሦስቱም የተጻፉት በተለያየ መንገድ ነው። አንዱ ልጅ የአባቱን ጢም የያዘ ሾፌር ሠራ። አንዷ አረንጓዴ ካባ የለበሰች፣ ማንም ያላሸነፋት ረጅም ሴት ሠራች። እነዚህ ሁሉ የሚቀመጡት ስምንት ሜጋባይት በምትይዝ አንዲት ሜሞሪ ካርድ ውስጥ ነው። ለማነጻጸር ያህል ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷቸው ሁለት ወይም ሦስት ፎቶዎች ያንን ካርድ ይሞሉታል።

በኢስሊ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ብዙ ቤተሰብ እዚያ የሚቀመጠው ጉዳዩ እስኪያልቅለት ነው። አንድ ቀን ወረቀቱ ይመጣል፤ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኖርዌይ። ልጁ ሐሙስ ጌም ቤት ነበረ፣ ሰኞ የለም። ያን ጊዜ ስልክ የያዘ ልጅ ስለሌለ ስንብቱ ስንብት ነው። ታጋዩ ግን ካርዱ ውስጥ ይቀራል። ባለቤቱ ሜልበርን ሆኖ ታጋዩ ኢስሊ ይጋጠማል፤ ማሽኑ ይጫወትለታል። ባለ አረንጓዴ ካባዋ ባለቤቷ ከሄደች በኋላ በማሽኑ እጅ መሸነፍ ጀመረች፣ ይህም በጣም ያናድደን ነበር።

ለተፈጠሩ ታጋዮች የተመደበው ቦታ ውስን ነው። ሲሞላ አዲስ የመጣ ልጅ የራሱን መፍጠር ከፈለገ የሌላ ሰው መጥፋት አለበት። የማን ይጥፋ? የሄዱት አይመለሱም፣ የመጡት ደግሞ እዚህ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ሆነን ለሳምንታት ተኳርፈናል። አንዱ ወገን «የሄደ ሄደ፣ ለመጣው ይለቀቅ» ይላል። ሌላው «ስሙን ብናጠፋው ጨርሶ እንዳልነበረ ይሆናል» ይላል። በመጨረሻ ጋሼ ነገሩን ሰምተው ለሁለተኛ ካርድ የሚሆነውን ገንዘብ ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኛ እንድናዋጣ ፈረዱ። በአሮጌው ካርድ ላይ በቀይ ቀለም «አይነካም» ብለው ጻፉበት። አዲሱም ካርድ በሁለት ዓመት ሞላ፤ በእሱ ላይም አብዛኞቹ የሄዱ ልጆች ናቸው።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ከእኛ መካከል ያሉት ሴቶች አይለቁንም። በዚያ ዘመን በቴሌቪዥኑም በጌሙም ለሴት ታጋዮች የተሰጠው ቦታ የሚያሳፍር ነበር፤ ከትግላቸው ይልቅ ልብሳቸው ነው የሚታየው። ጋሼ እነዚያን ግጥሚያዎች በቤታቸው ከልክለው ነበር፣ ደግ አደረጉ። ኩባንያው ሴቶቹን «ዲቫ» ብሎ መጥራቱን የተወው በ2016 ነው። በዛሬዎቹ ጌሞች ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ ሙሉ ታጋይ ናቸው። ባለ አረንጓዴ ካባዋ ግን ቀድማ መጥታለች እንላለን።

ወላጆች የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ «ልጄ ይህን አይቶ ወንድሙን ቢያነሳና ቢጥለውስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሲመለሱ «ጌም ነው፣ ምንም የለውም» የሚሉ ሰዎች አይረዱትም። መድረኩ ከብረት በላይ እንጨት፣ ከእንጨቱ በላይ ስስ ፍራሽና ሸራ የተነጠፈበት ነው። ታጋዮቹ ለወራት የሚማሩት መጀመሪያ መውደቅን ነው፤ አገጭን ደረት ላይ ማስጠጋት፣ ጀርባን በሙሉ እኩል ማሳረፍ። የሚነሳው ሰውም ከመሬት ዘሎ የሚያነሳውን ያግዛል። ውርወራው የሁለት ሰው ሥራ ነው። እንዲህም ሆኖ ይጎዳሉ። በነሐሴ 1997 የዘመኑ ታላቅ ታጋይ ስቲቭ ኦስቲን ራሱን ወደ ታች አድርጎ በሚጥል ውርወራ አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ጣዩም ተጣዩም ዓመታት የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ጌሙ ይህን አያሳይም። በጌሙ አንገቱ የተመታ ሰው በአሥር ሰከንድ ይነሳል። ስለዚህ ለልጆቻችን የምንነግራቸው «አትዩ» ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሁለት ሰው ተስማምቶ የሚሠራው መሆኑ የገባው ልጅ ታናሹን ሳያስማማ አያነሳም፤ ታናሹም አይስማማም። የዕድሜ ምልክቱንም እዩ። «ሂር ካምስ ዘ ፔይን» በአሜሪካ ከአሥራ ሦስት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተፈቀደ ነው። እኛ ስንጫወተው ስንት ዓመታችን እንደነበረ እዚህ አንጽፍም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት እንለፈው፤ ብዙው ተማሪዎቻችን ከእኛ በተሻለ የሚያውቁት ነው። ቲ.ኤች.ኪው. በታኅሣሥ 2012 ኪሳራውን አወጀ፣ ፈቃዱም ወደ ቱኬ ዞረ። ዩክስ ከሥራው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው የሆነው «ቱኬ 20» በ2019 ሲወጣ በስሕተት የተሞላ ነበር። ጥር 1 ቀን 2020 ሲብት ደግሞ ጨርሶ አልነሳ አለ። ተጫዋቾች ማሽናቸውን ቀን ወደ 2019 መልሰው ነበር የሚጫወቱት። በሁለት አቆጣጠር የምንኖር እኛ ይህ አልከበደንም፤ በእኛ አቆጣጠር እንደሆነ ያኔ ገና 2012 ነበር። የቀጣዩ ዓመት ጌም ተሰርዞ «ቱኬ 22» በመጋቢት 2022 ሲወጣ ተሻሽሎ መጣ። ዩክስ ደግሞ በ2023 ለሌላ የሬስሊንግ ኩባንያ አዲስ ጌም ሲሠራ «ኖ መርሲ»ን የመራውን ሂደዩኪ ኢዋሺታን መልሶ ጠርቶታል። በትምህርት ቤታችን ግቢ በስልክ የምታዩት ሬስሊንግ በአብዛኛው በ2010 ለፒኤስፒ የወጣው «ስማክዳውን ቨርሰስ ሮው 2011» ነው። ከብዙዎቹ ተጫዋቾቹ በዕድሜ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ሳናነሳው አናልፍም። ጋና ተወልዶ ያደገው አሜሪካ የሆነው ኮፊ ኪንግስተን ሚያዝያ 7 ቀን 2019 የኩባንያውን ዋና ቀበቶ ሲያሸንፍ፣ አፍሪካ ተወልዶ ያን ቀበቶ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ እናውቃለን። የወሰኑት ሰዎች ግን ለዚያ ውሳኔ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በማግስቱ የተማሪዎች አውቶቡስ ውስጥ የነበረውን ጩኸት የሾፌሩ ጆሮ ያስታውሰዋል።

በዛሬዎቹ ጌሞች የተፈጠሩ ታጋዮችን በኢንተርኔት መላላክ ይቻላል፤ ባለ አረንጓዴ ካባዋ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ከባለቤቷ ጋር ሜልበርን ትገባ ነበር። ሰርቨሮቹን ግን አሳታሚው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይዘጋቸዋል። ሲዘጉ የተላከው ሁሉ አይገኝም። ስለዚህ ተማሪዎች፣ የሠራችሁትን ታጋይ ከወደዳችሁት በማሽናችሁም ላይ አስቀምጡት፤ ፎቶውን አንሱት፣ የመረጣችሁትን ሁሉ በወረቀት ጻፉት። የእኛዎቹ ሁለት ካርዶች ጋሼ ቤቱን ሲዘጉ ለአንዳችን ተሰጥተው ዛሬም አሉ። ባለፈው የገና በዓል ከፍተናቸው ሁለቱም ሠርተዋል። ከሜልበርን በቪዲዮ የደወለች አንዲት የሁለት ልጆች እናት ታጋይዋን ለልጆቿ አሳይታለች፤ ልጆቹ «ግራፊኩ ደካማ ነው» ብለዋል።

በመጪው የወላጆች ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሌይስቴሽን 2ቱን ይዘን በቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው ክፍል እንቀመጣለን። ሁለት ጆይስቲክ አለን፤ አንዱ የግራ ቁልፉ ይይዛል። መልቲታፕ ያለው ቤተሰብ ካለ ይዞልን ቢመጣ አራት ሰው ማጫወት እንችላለን። ግጥሚያው 15 ደቂቃ ነው።